የተለየችው ስኒ

ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ከተማው ብትጠይቁት የሚመልስላችሁ አንድ ነው። «ድሬ ሰው አትለይም!» ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ በአንድ ሰፈር እንዴት ተዋዶ እንደኖረ እንደ ዳዊት ይደግምላችኋል። እኔም ስደግም ነው ያደግኩት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከሌላ አካባቢ ልጆች ጋር ዶርም ስጋራ «እኛ ዘንድ እኮ የማን ልጅ ነሽ ተብሎ አይጠየቅም» እያልኩ ጉራዬን ስነዛ ከርሜያለሁ። ውሸቴን አልነበረም። ግን አያቴ ቤት ረከቦት ላይ የማትቀመጥ አንዲት ስኒ ነበረች።

ስኒዋ ጠርዟ ላይ ሰማያዊ መስመር አላት። ሌሎቹ ታጥበው ረከቦቱ ላይ ሲደረደሩ እሷ ለብቻዋ በላስቲክ ተጠቅልላ መስኮቱ ጥግ ትቀመጣለች። የምትወጣው ለአንዲት ጎረቤታችን ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ እኛ ልጆቹ «እማማ» ነበር የምንላቸው። የድሬ ፀሐይ በረድ ስትል ይመጡና ከደፉ ወዲያ፣ ደጃፉ ላይ፣ በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ። ጣቶቻቸው አጫጭር ስለነበሩ ስኒውን በሁለት መዳፋቸው አቅፈው ነው የሚይዙት። በረካ ጠጥተው፣ መርቀው ይሄዳሉ። አያቴ በጣም ትወዳቸው ነበር፤ ይህን እንድታምኑኝ እፈልጋለሁ። በዓል ሲሆን ከቅርጫው ትልክላቸዋለች፣ ሲታመሙ እኔን ልካ ታስጠይቃቸዋለች፣ ሰው ሲያማቸው ከሰማች ደግሞ «አቦ አፍሽን ሰብስቢ!» ብላ ትቆጣለች። ስኒዋ ግን መስኮቱ ጥግ ናት።

«ቢሲዲሞ ነበረች» ስትል ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ልጅ ሳለሁ ቢሲዲሞ እስር ቤት ይመስለኝ ነበር።

በአገራችን ሰውን ከሰው ተራ የሚያስወጣ ነገር ብዙ ነው። ሸክላ የሠራ፣ ብረት የቀጠቀጠ፣ ቆዳ የፋቀ ሁሉ በየዘመኑ ተገልሏል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ከልክ ስላለፈ ነው። የባለሙያዎቹ ጉዳይ ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሥጋ ደዌ ነው፤ እማማን ደጃፍ ላይ ስላስቀመጠው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ጋዜጠኝነት ስማር አንድ መምህራችን «ነገርን በስሙ መጥራት» የሚለውን የሙያውን ሕግ ሊያስተምረን ፈልጎ አንድ ተረት ሰሌዳው ላይ ጻፈልን። «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል።» ሁላችንም ሳቅን፣ ሁላችንም ደብተራችን ላይ ገለበጥነው። እኔም። ማታ ዶርም ውስጥ ደብተሬን ሳገላብጥ ነው ዓይኔ የተረቱ የመጨረሻ ቃል ላይ የቀረው። ይፈተፍታል! ተረቱ ያስጨነቀው የሰውየው መታመም አይደለም፤ ማዕዱ ላይ እጁን መዘርጋቱ ነው። እጁን እንዳይዘረጋ ደግሞ አስቀድመህ ስሙን ጥራው ይላል። ስድቡ ንዴት አይደለም ማለት ነው፤ አጥር ነው፤ በትሪውና በሰውየው መካከል የሚቆም።

መቼም እንጀራ የሚበላ ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እኛ ዘንድ ትሪው አንድ ነው። ዕርቅ የሚፈጸመው ትሪ ላይ ነው፣ ሙሽራ የሚጎራረሰው ትሪ ላይ ነው፣ የእድር ሰው ለቅሶ ተቀምጦ ንፍሮ የሚዘግነው ከአንድ ዕቃ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ሰው ስታወግዝ ምእመኑ አብሮት እንዳይበላና እንዳይጠጣ ታዝዛለች። ስለዚህ በእኛ አገር ከኅብረተሰቡ ወጣ የሚባለው ሰው የግድ ከአገር የተባረረ አይደለም። ጎረቤት ሆኖ፣ ሰላምታ ተሰጥቶት፣ ተመጽውቶም ከትሪው የቀረ ሰው ነው።

ታሪኩን ስናይ ደግሞ የሚገርም ነገር እናገኛለን። ከ1520 እስከ 1526 (እ.ኤ.አ.) በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን አገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ጽፎ ትቷል። በዚህ አገር የሥጋ ደዌ ሕሙማን ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ከሰው ተለይተው አይኖሩም፤ እንዲያውም ስለ ነፍሳቸው ብለው ቁስላቸውን በገዛ እጃቸው የሚያጥቡላቸውና የሚንከባከቧቸው ሰዎች አሉ ይላል። ሰውየውን ምን እንዳስገረመው ለመረዳት የመጣበትን አውሮፓ ማሰብ ነው። እዚያ በ1179 የተሰበሰበው ሦስተኛው የላተራን ጉባኤ ሕሙማኑ የራሳቸው ቤተ ክርስቲያንና የራሳቸው መቃብር እንዲኖራቸው ወስኗል። አውሮፓ ቅጥር እየሠራ በነበረበት ዘመን እኛ ቁስል እናጥብ ነበር።

(እዚህ ጋ ጮቤ ልትረግጡ ያማራችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ።)

ቁስሉን ያጠበው ሰው ያጠበው «ስለ ነፍሱ» ነው። በእኛ ትውፊት ሕሙሙ የጽድቅ መንገድ ነበር። ጥቅምት 14 የሚዘከረውን ገብረ ክርስቶስን አስቡት። የንጉሥ ልጅ ነው፤ በሠርጉ ሌሊት ሁሉን ትቶ ወጣ፤ ሰውነቱ ቆስሎ፣ መልኩ ተለውጦ ተመለሰና በገዛ አባቱ ደጅ ሳይታወቅ ለማኝ ሆኖ ኖረ። በሥጋ ደዌ የተያዙ ሰዎች እስከ ዛሬ እንደ ጠበቃቸው ያዩታል። በሰሜኑ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እየዘመሩ የሚለምኑት ሐሚናዎች ወይም ላሊበላዎች አሉ፤ መለመናቸውን ካቆሙ ሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው እንደሚያምኑ ይነገራል። እኛ ዘንድም ታኅሣሥ 19 ቀን በደንገጎ አቀበት ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚተመው ሕዝብ የመንገዱን ዳርና ዳር ይዘው የተቀመጡትን አልፎ አይሄድም፤ ሳንቲም ዘርዝሮ ነው ከቤቱ የሚወጣው። አርብ በመስጊዱ በር፣ እሁድ በቤተ ክርስቲያኑ በር እንዲሁ ነው።

ያ ሁሉ ግን የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከእኛ ወደ እነሱ። እኛ እንሰጣለን፣ እነሱ ይቀበላሉ፣ ይመርቃሉ። ከእነሱ እጅ የምንቀበለው ምርቃት ብቻ ነው፤ ምርቃት ደግሞ በእጅ አይነካም። አልቫሬዝ ከሕሙማኑ ጋር ከአንድ ገበታ የበላ ሰው አይቶ እንደሆነ ብጠይቀው ደስ ባለኝ።

አሁን ወደ እኛው ሰፈር እንምጣ። በአገራችን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ብቻ የተለየው የመጀመሪያው መኖሪያ የተቋቋመው ሐረር ውስጥ ነው፤ በራስ መኮንን ዘመን፣ በ1901 (እ.ኤ.አ.)፣ በፈረንሳይ ካቶሊክ ሚስዮናውያን እጅ። ልብ በሉ፤ ባቡሩ መጥቶ ድሬዳዋን የወለዳት በ1902 ነው። የሕሙማኑ መንደር ከከተማችን በዕድሜ ይበልጣል። ሚስዮናውያኑን አልወቅስም። መድኃኒት በሌለበት ዘመን ጣሪያና እህል ሰጥተዋል፣ ቁስል አስረዋል። ግን ከደጃፋችን የማይጠፋው ሰው ያን ጊዜ የራሱ አድራሻ ያለው «የእነሱ ቦታ» አገኘ። ቦታ ካለ ደግሞ «ወደ ቦታህ ሂድ» ማለት ይቻላል።

ቢሲዲሞ የመጣው በኋላ ነው። በጥር 1957 (እ.ኤ.አ.) በጀርመኗ ቩርትስቡርግ ከተማ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው የሥጋ ደዌ መርጃ ማኅበር አቋቋሙ። ያነሳሳቸው ሐረር ውስጥ አንድ ፈረንሳዊ ሐኪም በባዶ እጁ ስለሚያክማቸው ሕሙማን መስማታቸው ነው። የማኅበሩ የመጀመሪያ ሥራም ከሐረር ወጣ ብሎ በባቢሌ በኩል ያለው ቢሲዲሞ ሆነ። እንግዲህ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራ ድርጅት የተወለደው በእኛ ጎረቤት ነው፤ የድሬ ልጅ ሆኖ ይህን የሚያውቅ ግን ብዙም አላጋጠመኝም። ቢሲዲሞ ሆስፒታል ብቻ አልነበረም። ሕሙማኑ የሚያርሱት መሬት፣ የሚኖሩበት መንደር፣ የሚሠሩበት ወርክሾፕ ነበረው። እማማ ተርከው የማይጠግቡት ይህንን ነበር። ሰው የሚፈራውን ቦታ እሳቸው ሲያነሱት ፊታቸው ይበራል። «እዚያ እኮ» ይሉ ነበር፣ «አብረን ነበር የምንበላው።»

አዲስ አበባም የራሷ አላት። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በከተማዋ ምዕራብ ዳርቻ የተሠራው ሆስፒታል በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ፤ በ1965 ደግሞ እዚያው ላይ ለመላ አፍሪካ ሐኪም የሚያሠለጥነው አለርት ተቋቋመ። በ1970 አጠገቡ የተከፈተው የምርምር ተቋም የበሽታውን ተሕዋስ በ1873 ያገኘው የኖርዌዩ ሐኪም የአርማወር ሃንሰን ስም ወጣለት። ሳይንሱ እዚያ ቀጠለ። ለሕክምና የመጡት ሰዎች ግን ድነውም ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ ማን ይቀበላቸዋል? ሆስፒታሉን ተጠግተው ጎጆ ቀለሱ። ከተማዋ ቆሻሻ የምትደፋበት ቦታ ስትፈልግ ደግሞ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመረጠችው እዚያው ሰፈር ነው። ቆሼ! በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ዜናውን ሁላችንም አይተናል፣ አልቅሰናልም። ቆሻሻው ለምን እዚያ ሰፈር እንደተደፋ ግን ያን ሰሞን ካነበብኩት ሁሉ የጠየቀ ጥቂት ነው። ሰው የማይፈልገውን ሰውና ሰው የማይፈልገውን ዕቃ አንድ ቦታ ማድረግ ለከተማ ካርታ ሠሪ ቀላል ሒሳብ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ሃዋይ ከ1866 እስከ 1969 ሕሙማኖቿን ካላውፓፓ በምትባል ባሕርና ገደል በከበባት ምድር ስታግዝ ኖራለች። ጃፓን ደግሞ መድኃኒቱ ተገኝቶ ከብዙ ዘመን በኋላም የማግለያ ሕጓን የሻረችው በ1996 ነው፤ በ2001 የኩማሞቶ ፍርድ ቤት መንግሥት ካሣ እንዲከፍል ፈርዷል።

ስለ መድኃኒቱ ካነሳን ዘንድ የበሽታውን ነገር በአጭሩ ልበል፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ እስከ ሃያ ዓመቴ አላውቅም ነበር። ሥጋ ደዌ በእርግማን አይመጣም፣ ከአባት ወደ ልጅ በዘር አይወርድም። በባክቴሪያ የሚመጣ፣ ለመተላለፍ ካልታከመ ሰው ጋር ረጅም ጊዜ ተቀራርቦ መኖርን የሚጠይቅ ሰነፍ በሽታ ነው። ከሰው ልጅ አብዛኛው በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። ከተያዙ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ አምስት ዓመት ያህል፣ አንዳንዴም ሃያ ይፈጃል። ጣትም እንዲያው ተቆርጦ አይወድቅም። ባክቴሪያው ነርቭን ይጎዳል፤ እጅ ትኩሳትን፣ ስለትን፣ እሾህን መለየት ያቅተዋል። እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዱ ሲያቃጥላት አታውቅም። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አሁንም አያማትም። ጣት የሚያጥረው እንዲህ እየቆሰለ በዓመታት ውስጥ ነው። ሕመም አለመሰማት ይህን ያህል ጉዳት ያመጣል ብሎ ማን ይገምታል?

ሦስት መድኃኒት አቀናጅቶ የሚሰጠው ሕክምና ወደ አገራችን የገባው በ1983 (እ.ኤ.አ.) ነው። እንደ በሽታው ዓይነት ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ይወሰዳል፣ በነፃ ነው፣ ያድናል። ሕክምናውን የጀመረ ሰው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ በሽታውን ማስተላለፍ ያቆማል። በ1999 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ በአገር ደረጃ የሕሙማኑ ቁጥር ከ10,000 ሰው ከአንድ በታች የሚለው የዓለም መስፈርት ላይ ደረሰች። «ጠፋ» ተባለ። አልጠፋም፤ ዛሬም በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዳዲስ ሕሙማን ይገኛሉ። ጠፋ የተባለ በሽታ ግን ፈላጊ ያጣል፤ ሰውነቱ ላይ የደነዘዘ ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ያየ ሰው ጤና ጣቢያ ከመሄድ ይልቅ በነጠላው ይሸፍነዋል። የሚሸፍነው በሽታውን ፈርቶ አይደለም፤ ስሙን ነው።

ሕጉስ ምን ይል ነበር? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 591 ጋብቻን ሊያፈርሱ የሚችሉ መሠረታዊ ስህተቶችን ሲቆጥር የትዳር ጓደኛን በሥጋ ደዌ መያዝ በስሙ ጠርቶ አስገብቶታል። ሳያውቅ ያገባ ሰው «ተሳስቻለሁ» ብሎ ጋብቻውን ማስፈረስ ይችላል ማለት ነው። ስንት በሽታ ባለበት አገር የተጠራው እሱ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ይህንን ለውጦ በአንቀጽ 13 የማይድን ወይም በዘር የሚተላለፍ በሽታ ብቻ አለው። ሥጋ ደዌ ይድናል፤ በዘርም አይወርድም፤ ወጣ! የሚገርመው ደግሞ ይህ ሕግ ቀጥታ የሚሠራው ክልሎች ውስጥ ሳይሆን ለፌዴራል መንግሥቱ ተጠሪ በሆኑት ከተሞች፣ ማለትም አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው። ስለዚህ ድሬ «ሰው አትለይም» የሚለው ነገር ቢያንስ በዚህ ጉዳይ በወረቀት እውነት ሆኖላታል።

እኔ የተወለድኩት ሕጉ በወጣ ሰሞን ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ የሆነው የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው።

የፋሲካ ሰሞን ነበር። እማማ በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ከዚያ በፊት ይዘው የመጡት ነገር ትዝ አይለኝም። አያቴ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ጉንጫቸውን ሳመች፣ «እንዴት ያለ እጅ ነው!» አለች። ቡናው ተጠጣ፣ ስኒዋ ወጥታ ተመለሰች፣ እማማ መርቀው ሄዱ። እግራቸው እንደወጣ አያቴ ዳቦውን በጨርቁ እንዳለ ሰጠችኝና «ለፍየሎቹ ስጪ» አለችኝ። ሰጠሁ። ዳቦው ገና ትኩስ ነበር፣ የጥቁር አዝሙዱ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ነበር፣ ርቦኝም ነበር። ቆራርሼ ስሰጥ በአጥሩ ቆርቆሮ ቀዳዳ ሰው ሲያልፍ አየሁ። እሳቸው ይሁኑ አይሁኑ አላወቅኩም። ጨርቁን አጥበን መለስንላቸው። እማማ ቡና መምጣታቸውን አላቋረጡም፤ ባዶ እጃቸውን ነበር የሚመጡት።

ከተመረቅኩ በኋላ፣ እማማ ካረፉ ቆይቶ፣ ይህንን ሁሉ ለአያቴ አስረዳኋት። ባክቴሪያውን፣ መድኃኒቱን፣ በስኒ እንደማይተላለፍ፣ እማማ ቢሲዲሞ ታክመው ከወጡ በኋላ ማንንም ማስያዝ እንደማይችሉ። እንደ ዜና አንባቢ ነበር የተናገርኩት። ጨርሳ አዳመጠችኝና «አውቃለሁ» አለች።

«ታውቂያለሽ?»

«ሐኪሙ ያኔውኑ ነግሮናል። ያኔ አያትሽም ነበር።»

«ታዲያ ስኒዋ?»

ፍሙን በመቆንጠጫው ገለባበጠችው። «በአንድ ስኒ ባጠጣት» አለች፣ «ሌሎቹ ቡና መምጣት ያቆሙ ነበር። ከዚያ እኔ ከማን ጋር ልጠጣ ነው?»

ለእማማ ይህንን ነግራቸው ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ምኑን?» አለችኝ። ሐኪሙ ያለውን፣ አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም፤ ተነስታ ዕጣን ልታመጣ ጓዳ ገባች።